የተመለሰው ውሃ

«እስከ ሰኞ ብቻ ዝም በልልኝ። ሰኞ እኔ ራሴ አስነቅለዋለሁ።»

አስቴር ይህን የሰማችው ቅዳሜ ጧት፣ ከሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት ጀርባ ቆማ፣ ትንሿ ልጇ ለነገው ሰርግ የምትለብሰውን ነጭ ቀሚስ ገመድ ላይ ስታሰጣ ነው። ድምፁ የሆቴሉ ባለቤት የአቶ ካሳ ነው። አቶ ካሳ ቀስ ብሎ መናገር የማያውቅ ሰው ስለሆነ ሚስጥር ሲያወራ እንኳ ግቢው በሙሉ ይሰማዋል። የሚያናግረው ባሏን ዘርአብሩክን ነበር። «የሽንት ቤቱ ታንክ ሞላ። መጣጩ መኪና ከአዋሳ ይመጣል ይመጣል ተብሎ ቀረ። እንግዳ አፍንጫውን ይዞ ከሆቴሌ ይውጣልህ? ያንተ ጉድጓድ እዚያው አጠገብ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ቱቦውን ቀጠልንበት፣ አለቀ። አሸዋው ያጣራው የለም እንዴ?» አለ። ዘርአብሩክ ግን፣ «እሱ እኮ የተሠራው ለገላና ለልብስ እጣቢ ነው አቶ ካሳ። ለሽንት ቤት አይደለም። ከታች ሰው ይጠጣል» አለ። የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ የሚለምን ሰው ድምፅ ነበር። አስቴርን ከነገሩም በላይ ያስፈራት ይኸው ልመናው ነው።

ከታች የሚጠጣው ሰው ማን እንደሆነ እሷም ባሏም ያውቃሉ። ሆቴሉ አርባ ምንጭ ውስጥ፣ ከሲቀላ ገበያ በላይ፣ ወደ ሴቻ የሚወጣው አስፋልት ሥር ነው ያለው። ከሱ ቁልቁል ያለው ሰፈር በየግቢው በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ አለው። ከሆቴሉ አጥር በጣም የሚቀርበው ጉድጓድ የአስቴር ታላቅ እህት የአገኘሽ ነው። ነገ የሚደገሰው ሰርግም የአገኘሽ አንድ ልጅ፣ የሄራን ሰርግ ነው።

ዘርአብሩክ የጎጃም ልጅ ነው። ስለ ውሃ ሊማር ወደ አርባ ምንጭ መጥቶ፣ ተምሮ፣ አስቴርን አግብቶ፣ ከቤተ ክርስቲያኗ ገብቶ በዚያው የቀረ ሰው። ተማሪ ሳለ ስለ በረሃ አገሮች ያነበበው ነገር ከልቡ አልወጣም። እዚያ የባሕሩን ውሃ ጨዉን እያወጡ፣ ሰው የታጠበበትንም ደጋግመው እያጣሩ፣ ወደ መሬት ሆድ ይመልሱታል፤ ለክፉ ቀን ጎተራ እንደሚገባ እህል ያጠራቅሙታል። ይህን ምንጭ በሞላበት ከተማ ሲያወራ ሰው ይስቅበት ነበር። ነገር ግን ምንጩ ያለው ታች ጫካው ውስጥ ነው፤ ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ በታመመ ቁጥር ቧንቧው ይደርቃል፤ ዝናብ ባጠረባቸው በእነዚያ ሁለት ዓመታት ደግሞ የሰፈሩ ጉድጓዶች አንድ በአንድ ነጥፈዋል። አቶ ካሳ የውሃ ሥራውን እንዲመራለት ሲቀጥረው፣ ዘርአብሩክ የሆቴሉን እጣቢ በገንዳ አስተኝቶ፣ በጠጠርና በአሸዋ አሳልፎ፣ ወደ አንድ አሮጌ ጉድጓድ እንዲገባ አደረገ። አቶ ካሳ የፈቀደለት ስለ መሬት ሆድ ተጨንቆ አይደለም፤ የሳሙናው ውሃ መንገድ ላይ እየፈሰሰ ማዘጋጃ ቤቱ ስለነዘነዘው ነው።

ከወራት በኋላ የአገኘሽ ጉድጓድ ውሃ ቋጠረ። ዘርአብሩክ ያን ቀን እንደ ልጅ ሲዘል ዋለ። ለአገኘሽ ሊነግራት ቢሄድ ግን አገኘሽ ቀድማዋለች። ጉድጓዷ እንዲመለስላት፣ የልጇ ሰርግ ውሃ አጥቶ እንዳይራዘም፣ ጾማ ጸልያ ነበርና ጉባኤ ፊት ቆማ መስክራለች፤ ሰውም አልቅሶ ሃሌሉያ ብሏል። አስቴር ባሏን እጁን ያዘችው። «ተዋት፤ የጸሎቷ መልስ ነው ብላለች፤ ደስታዋ ምን አደረገህ?» አለችው። እሱም ሳቀና ተወው። ለመጠጥ ከሆነ አፍልታ እንድትጠቀም ብቻ ነገራት። አገኘሽ፣ «ጌታ የሰጠኝን ላፈላ ነው?» አለችው።

ዘርአብሩክ ከአቶ ካሳ ተለይቶ ወደ ቤት ሲገባ አስቴር የልብስ መቆንጠጫውን በእጇ እንደያዘች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ቤቱም የሆቴሉ ነው፤ ለሠራተኛ የተሰጠ ባለ ሁለት ክፍል፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ሁሌ የሌላ ሰው ቀለም የሚቀባ። መስማቷን ከፊቷ አየ። «ምናልባት አሸዋው ይዞት ይሆናል» አላት። «ምናልባት?» አለችው። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ዛሬ ብናገር ዛሬ እንባረራለን፤ እሱስ ግድ የለም። ፕላኑ ላይ ያለው ግን የኔ ስም ነው አስቴር። የሚጠየቀው ካሳ አይደለም፣ እኔ ነኝ።»  አስቴር ባሏን ትወደዋለች፤ እስር ቤት በር ላይ ሳህን ይዛ የምትሰለፈው ሴት ራሷ ሆና ታየቻት። «ሰርጉ እኮ ነገ ነው። ቧንቧው ደግሞ ከሐሙስ ጀምሮ የለም» አለችው። «ቱቦውን ዛሬውኑ ሄጄ እነቅለዋለሁ፤ ካሳ ደስ ባይለውም እነቅለዋለሁ። አንቺ ብቻ እንደ ምንም ብለሽ ከዚያ ውሃ አስጥያቸው» አለ። እንደ ምንም ብለሽ! ሰው መናገር ያለበትን ነገር መናገር ሲያቅተው የሚያመጣት ቃል ነች። አስቴርም ተቀበለቻት። ምንም ሳትናገር ሁሉን እንደምታስቆም ለራሷ ነግራ፣ ልጇን ሰሊሆምን ይዛ ቁልቁል ወረደች።

የአገኘሽ ግቢ ዳስ ተጥሎበት ግማሹ ሰፈር ገብቶበታል። ወንዶቹ ወንበር እየደረደሩ በሬዲዮ የጦርነት ወሬ ያዳምጣሉ፤ ሴቶቹ ሽንኩርት ይልጣሉ፣ ዳጣ ይደቁሳሉ። አገኘሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከደጋ ጥጥና ቡሉኮ እያመጣች ሲቀላ ገበያ በመቸርቸር ልጇን ያሳደገች ብርቱ ሴት ናት፤ ዛሬም ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ሁሉን በአንድ ጊዜ ታዛለች። «አይዳ የት ቀረች?» አለች አስቴር። አይዳ የአገኘሽ የአጥር ጎረቤት ናት፤ ድግስ የማያመልጣት ሴት። «ልጆቿን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ያስመልሳቸዋል፣ ያስቀምጣቸዋል። ማንጎ ነው፤ ጥሬውን ከዛፍ እየጣሉ በልተው» አለች አገኘሽ። ሴቶቹ በማንጎው ተስማሙ፤ አንዷም ያለፈው ዓመት የእሷ ልጅ እንዴት እንደታመመ ማውራት ጀመረች። የአይዳ ቤት ውሃ የሚቀዳው ከዚሁ ጉድጓድ ነው። 

ዳሱ ጥግ ሁለት ትላልቅ የፕላስቲክ በርሜሎች ቆመዋል፤ ከጎናቸው ከደጋ የመጣ ማር በጣሳ በጣሳ ተደርድሯል። የጌታ ቤት ሰርግ ነውና ጠላና ጠጅ የለም፤ ያለው ብርዝ ነው። ብርዝ ደግሞ እሳት አያይም፤ ማርና ጥሬ ውሃ ነው። ቀድሞ ቢበጠበጥ ሰንብቶ ወደ ጠጅነት ስለሚሄድና ወንጌላዊውን ስለሚያስቆጣ፣ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ይበጠበጣል፣ ጸሎት ይደረግበታል፣ የሚያግዙት ሰዎች ይቀምሱታል፣ በማግስቱም ለጉባኤው ይቀርባል። ነገ ደግሞ ከጨንቻም፣ ከሴቻም፣ ከሲቀላም ጉባኤው ይመጣል፤ ሕፃን ያዘለውም፣ ያረጀውም። አስቴር በርሜሎቹን አይታ የምታስቆመው ነገር ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ያኔ ገባት። «እቴቴ፣ ውሃውን ለዛሬ ብናፈላውስ?» አለች እንደ ቀልድ። አገኘሽ ቀና ብላ አየቻት። «ብርዝ ይፈላል እንዴ? ምን ነክቶሻል አንቺ?» ሴቶቹ ሳቁ። አስቴርም አብራ ሳቀች።

ያልሳቁት ከጨንቻ የመጡት የአስቴርና የአገኘሽ አጎት ጋሼ ጉታ ብቻ ናቸው። ቡሉኳቸውን ተከናንበው ዳሱ መግቢያ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከመጡ ጀምሮ ከዚያ ግቢ አንድ ጉንጭ ውሃ አልቀመሱም። አስቴር «ሳሮ» ብላ ሰላምታ ሰጥታ ጉልበታቸውን ስትስም በጋሞኛ ቀስ ብለው ጠየቋት። «ይህ ውሃ ሁለት ዓመት ጠፍቶ የት ከርሞ እንደመጣ የጠየቀ ሰው አለ? የሆቴሉ መሠረት ሲቆፈር ያንን ትልቅ ዋርካ ጣሉት፤ ሽማግሌ አላማከሩ፣ ምድሪቱን አላስታረቁ። ጎሜ አለበት። እኔ አልጠጣም።» ጎሜ ለሳቸው የምድርን ሕግ የተላለፈ ሰው በራሱም በጎረቤቱም ላይ የሚያመጣው ጦስ ነው። ጋሼ ጉታ ስለ ቱቦው የሚያውቁት ነገር የለም፤ የሚያውቁት ዋርካውን ነው። አስቴር ግን ስለ ቱቦው የሚናገሩ መሰላት። አገኘሽ ከወዲያ ሰምታ ኖሮ ማማሰያዋን እንደያዘች መጣች። «ጋሼ፣ እንደ አባቴ አከብርዎታለሁ። በቤቴ ግን ጎሜ አይጠራም! እኔ ከዚያ ነገር በኢየሱስ ደም ወጥቻለሁ። ይኼንን ውሃ ፈራ ማለት ጌታን አላመነም ማለት ነው» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። ሴቶቹ አሜን አሉ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስለ ውሃው የሚነገር ማንኛውም ክፉ ቃል የጎሜ ቃል ሆነ።

አስቴር ሰሊሆምን እዚያው ትታ ወደ ገበያ ሄደች። የቅዳሜ ገበያ ነው፤ ሙዝ የጫነው፣ ጥጥ የተሸከመው፣ ሽፈራው ቅጠል በእቅፍ የያዘችው ይተራመሳል። ከምንጩ ውሃ በጋሪ የሚያመጡ ሰዎች ቧንቧ ሲጠፋ ዋጋ ይሰቅላሉ፤ ዛሬም ሰቅለዋል። አንዱን አልተከራከረችውም። ሁለት ጊዜ ተመላልሶ በርሜሎቹን እንዲሞላላት ተስማማች፤ ከኪሷ ከፈለች፤ ልቧም ትንሽ ቀለል አላት። ሳትናገር ልታስቆመው ነው። ጋሪው ላይ አብራ ወጥታ እየተንገጫገጨች ስትመለስ፣ ሰኞ ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ ለአገኘሽ እየሳቀች የምትነግራት ሁሉ መሰላት።

አገኘሽ ጋሪውን በሩ ላይ አቆመችው። «ይኼ ምንድነው?»

«የምንጭ ውሃ ነው እቴቴ። ለብርዙ።»

«የኔ ውሃስ?»

«ያው… ሰው ስለሚበዛ ለጥንቃቄ ብዬ ነው።»

አገኘሽ ወደ ጋሼ ጉታ ዞረች፤ ከዚያ ወደ እህቷ ተመለሰች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እሳቸው ናቸው የላኩሽ? አንቺ በጌታ ቤት ያደግሽው ልጅ ጎሜ ፈርተሽ ውሃ በጋሪ ታመጪብኛለሽ? በጉባኤ ፊት የመሰከርኩትን፣ በልጄ ሰርግ ዋዜማ፣ በሰው ፊት ልትቀብሪብኝ ነው?» ሽንኩርት የሚልጡት እጆች ሁሉ ቆሙ። አስቴር የቱቦው ነገር አፏ ላይ ደርሶ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ነገር ግን ባሏ ወንበር ላይ ተቀምጦ «የሚጠየቀው እኔ ነኝ» ሲል ታያት፤ ደግሞም አሁን ብትናገር፣ ያኔ ተአምር ነው ሲባል ለምን ዝም እንዳለች ሊጠየቅ ነው። «አይደለም፤ ለዕቃ ማጠቢያ ብዬ ነው» አለች። አገኘሽ ዓይኗን ጠረገች። «እንደሱ በይኛ!» አለችና ጋሪው እንዲገባ ፈቀደች። ንጹሑ የምንጭ ውሃ በየሳፋው ተገልብጦ የድስትና የሰሃን ስብ ታጠበበት፤ የተረፈውን የጋሪው በቅሎ ጠጣ። ከጉድጓዱ የሚወጣው ውሃ ደግሞ ባልዲ በባልዲ ወደ በርሜሎቹ ተገለበጠ። አስቴር ቆማ አየች። ራሷን የጠላችው ያኔ ነው፤ መጥላት ግን ውሃ አያስቆምም።

ሄራን ከውስጥ ክፍል ከሚዜዎቿ ጋር ነበረች። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ላይ የሟች አባቷ ፎቶ፣ አልጋው ላይ ከአዲስ አበባ የተከራዩት ቬሎ፣ መሬቱ ላይ ፀጉር ማስያዣና የብስኩት ወረቀት። ሄራን ጸጉሯን እያሠራች እጇን ሆዷ ላይ አድርጋለች። «ከጧት ጀምሮ ይቆርጠኛል አክስቴ። ሙሽራ ሁሉ ያማታል ይላሉ፣ ፍርሃት ነው አሉኝ» አለች ፈገግ እያለች፤ ከንፈሯ ደርቋል። አስቴር አጠገቧ ተንበረከከች። ሚዜዎቹ ዝማሬ ይለማመዳሉ። አስቴር ጆሮዋ ሥር ገብታ፣ «ሄራንዬ፣ እኔ እስክነግርሽ ድረስ እዚህ ግቢ ምንም አትጠጪ። ለምን አትበይኝ። ቃል ግቢልኝ» አለቻት። ሄራን ደነገጠች፤ ግን አክስቷን ከልጅነቷ ጀምሮ ታምናታለች። «እሺ፤ አንቺ እስክትዪኝ አልጠጣም» አለቻት። አስቴር ተነሳች። ይህችን ልጅ ካዳነች ሌላውን ሁሉ ለምን አታድንም? የመጣው ይምጣ፣ አሁን ወጥታ አገኘሽን ብቻዋን ወስዳ ልትነግራት ቆረጠች።

ስትወጣ ወንጌላዊው ደርሷል። ማሩ ገብቶ፣ ተበጥብጦ፣ በነጠላ ተጠልሎ፣ በርሜሎቹ እስከ አፋቸው ቢጫ ሆነዋል። ሰው ሁሉ ቆሟል፤ ወንጌላዊው ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል። አስቴር በሰው መሐል ተሹለክልካ እህቷ ጋ ደረሰችና ክንዷን ያዘቻት። «እቴቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ወደ ጓዳ ነይ» አለቻት። «ጸሎት ነው» አለች አገኘሽ ዓይኗን ሳትገልጥ። ጸሎቱ ሲያልቅ ወንጌላዊው የቤቱ እመቤት ስለዚህ ውሃ ጌታ ያደረገላትን እንድትናገር ጠየቀ። አገኘሽ ተናገረች። እንዴት እንደጾመች፣ እንዴት አንድ ሌሊት ባልዲው ታች ደርሶ ጨብ ሲል እንደሰማች፣ ተንበርክካ መሬቱን እንደሳመች ተናገረች። ድምፁ የሚያምር፣ ውሸት የሌለበት ምስክርነት ነበር። ሰው አለቀሰ። ከዚያም የመጀመሪያውን ኩባያ ራሷ ቀዳች፤ ወደ አስቴር ዘረጋችላት። «እህቴ ጧት ትንሽ ፈርታ ነበር። ፍርሃት ከጌታ አይደለም። የውሃ ኢንጂነር ሚስት ናት፤ እሷ ትቅመስልን» አለች፤ በፍቅር ነው ያለችው፤ በሰው ፊት ልትታረቃት።

ኩባያው እጇ ገባ። ሁሉም ያዩዋታል፤ ወንጌላዊው ፈገግ ብሏል፤ ጋሼ ጉታ ከዳሱ ደጃፍ አንገታቸውን አስግገው ይመለከታሉ። አስቴር መናገር ትችል ነበር። ይህን ያህል ሰው እያየ፣ እህቷ በእንባ ከመሰከረች በኋላ፣ አንድ ቃል ብትናገር ሰርጉ እንደሚፈርስ፣ ባሏ እንደሚያዝ፣ አገኘሽ ከእንግዲህ ጉባኤ ፊት ቀና ብላ እንደማትሄድ በአንድ አፍታ አሰበች። እኔ ብታመም ልታመም አለች በልቧ። ጠጣችው። ጣፋጭ ነበር፤ ቀዝቃዛና ጣፋጭ፤ እስከ ታች ጨረሰችው። «ሃሌሉያ!» አለ ሰዉ፤ ኩባያዎቹም መዞር ጀመሩ። ጋሼ ጉታ ቡሉኳቸውን አስተካክለው፣ ማንንም ሳይሰናበቱ ወደ መኪና መናኸሪያ ሄዱ። ያስተዋላቸው ሰው የለም።

ዘርአብሩክ የገባው በዚህ ጊዜ ነው። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ ሁለት እጆቹ ተልጠዋል። ቱቦውን ብቻውን ነቅሎ መምጣቱ ነበር። ፊቱ ላይ የድካምና የእፎይታ ነገር ይታያል፤ አስቴርን በሰው መሐል በዓይኑ እየፈለገ፣ ከሩቅ ጭንቅላቱን ነቅንቆ «አለቀ» የሚል ምልክት ሰጣት። ከዚያ ነው ሰዉ ሁሉ ኩባያ እንደያዘ ያስተዋለው። ቆመ። ዓይኑ ከአንዱ ኩባያ ወደ ሌላው ሄደ። ሰዉ «ወንድም ዘርአብሩክ፣ ግባ እንጂ!» ይለዋል፤ አንዱ ኩባያ ሊያቀብለው ይጣራል። ያኔ ሰሊሆም አባቷን አይታ እየሮጠች መጣች፤ በሁለት እጆቿ የያዘችውን ኩባያ ልታሳየው ከፍ አደረገችና ወደ አፏ ወሰደችው።

ዘርአብሩክ ኩባያውን በጥፊ መታው። ከልጅቱ እጅ ወጥቶ ከዳሱ ምሰሶ ጋር ተጋጭቶ መሬት ላይ ተንከባለለ፤ ብርዙ በነጭ ሹራቧ ላይ ፈሰሰ። ሰሊሆም ጮኸች። አባቷ ተንበርክኮ አፏን በጭቃማ እጁ ይጠርግላታል፣ «ዋጥሽ? ንገሪኝ፣ ዋጥሽ?» ይላል። ሬዲዮው ከውጭ ብቻውን ያወራል። ዳሱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ኩባያውን ይዞ ቀረ፤ አንዳንዱ ዝቅ ብሎ ውስጡን አየ።

አገኘሽ ማማሰያዋን አስቀምጣ በዝግታ መጣች። «የልጅህን ደፋህ ዘርአብሩክ» አለችው። «የእኛንስ?»

 ዘርአብሩክ ልጁን አቅፎ እንደተንበረከከ ቀረ። የመለሰችው አስቴር ናት። «የሆቴሉን ሽንት ቤት ቀጥለውበት ነው እቴቴ። ጉድጓድሽ ውስጥ የሚገባው እሱ ነው። ከጧት ጀምሮ አውቃለሁ» አለች። ያች አንድ ዓረፍተ ነገር በመጨረሻ ወጣች፤ እንዲህ ቀላል እንደነበረች ማን ያውቅ ነበር! ወንጌላዊው ኩባያውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛ ላይ አኖረው። አንዲት ሴት ወደ ደጅ ሮጣ ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ ከተተች። አገኘሽ እህቷን አላየቻትም፤ ያየችው በርሜሎቹን ነው፤ አንደኛው ከግማሽ በታች ወርዷል።

ከጓዳው በር ላይ ሄራን ቆማለች። ጸጉሯ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ተበትኗል፤ እጇ ላይ ባዶ ኩባያ አለ። ወደ አክስቷ ነው የምታየው፤ ቁጣ የለባትም፤ ግራ ነው የገባት።

«አክስቴ፣» አለች፣ «አንቺ ስትጠጪ አይቼ እኮ ነው የጠጣሁት።»